ከቆጮ ጉድጓድ እስከ ኮሌስትሮል ምርመራ

ባክቴሪያ የሚባል ነገር መኖሩ ከመታወቁ ከብዙ ዘመን በፊት የከምባታና የሐዲያ ሴቶች ባክቴሪያን ያሠሩ ነበር። በቃጫ ቢራ ወረዳ፣ በሺንሺቾ ከተማ ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች፣ በየጓሮው የቆመው እንሰት ለምግብነት የሚደርሰው ከተተከለ ከዓመታት በኋላ ነው። ሲደርስ ሴቶቹ ግንዱን በሳንቃ ላይ አስደግፈው ይፍቁታል፤ ሥሩን ይከትፉታል። ከፍቀቱ ተጨምቆ የሚወርደው ፈሳሽ ሲዘቅጥ ቡላ ይሆናል። የቀረው ከእርሾ ጋር ተለውሶና በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይገባል፤ ከላይም ድንጋይ ይጫንበታል። እዚያም ሳምንታት፣ ወራት፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ይቆያል። ድንጋዩና ቅጠሉ አየር ይከለክላሉ፤ አየር ሲጠፋ አየር የማይሹት ይበረታሉ፤ እነሱ ሲበረቱ ሊጡ ይኮመጥጣል፤ ሲኮመጥጥ የሚያበላሹት ተሕዋስያን ይሸነፋሉ።

ወተቱም የራሱ ጥበብ ነበረው። በወይራ ጭስ በታጠነ ዕቃ የተጠራቀመ ጥሬ ወተት ሌላ ነገር ሳይጨመርበት በአንድ በሁለት ቀን ይረጋል፤ እርጎ ይሆናል። እርጎው ተንጦ ቅቤ ይወጣዋል። በመስቀል ሰሞን፣ ከምባታ መሳላን ሲያከብር፣ ሐዲያም ለያሆዴ አተካናውን ሲያቀርብ፣ ቡላው፣ ወተቱና ቅቤው በአንድ ማዕድ ይገናኛሉ። ይህ ማዕድ ለዚህ ታሪክ ሁለቱንም ወገን ይዟል፤ ኮሌስትሮል ያለበትን ቅቤና ኮሌስትሮልን ይቀንሱ ይሆናል ተብለው የሚፈተኑት ባክቴሪያዎች የሚወጡበትን እርጎና ቆጮ። ሁለቱ በሳይንስ መዝገብ ላይ እስኪገናኙ ግን ብዙ ዘመን አልፏል። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዘመኖች እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ኮሌስትሮል መጀመሪያ የታወቀው ከሐሞት ጠጠር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ሼቭረል ይህን ሰም መሳይ ነገር ለይቶ ስም አወጣለት። በ1857 የአገሩ ልጅ ሉዊ ፓስተር ወተት የሚኮመጥጠው ሕይወት ባላቸው ጥቃቅን ፍጥረታት ሥራ መሆኑን አስረዳ። በ1907 ደግሞ በፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ኤሊ ሜችኒኮፍ የቡልጋሪያ ገበሬዎች ረጅም ዕድሜ ከሚጠጡት እርጎ ጋር የተያያዘ ነው የሚለውን ሐሳቡን በመጽሐፍ አወጣ። በዓመቱ የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ የተሸለመው ግን ስለ ሰውነት መከላከያ ባደረገው ምርምር እንጂ ስለ እርጎው አልነበረም። በ1913 በሴንት ፒተርስበርግ ኒኮላይ አኒችኮቭ ጥንቸሎችን ኮሌስትሮል እየመገበ የደም ቧንቧቸው ሲደፈን አሳየ። ስለዚህ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ሁለት ዕውቀቶች ነበሩ፦ ኮሌስትሮል ቧንቧ ይደፍናል የሚልና የኮመጠጠ ወተት ጤና ይሰጣል የሚል። ሁለቱን ያገናኘ ግን አልነበረም።

ግንኙነቱ የመጣው ከጎረቤታችን ነው። በአሜሪካ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ጆርጅ ማን በ1964 ስለ ምሥራቅ አፍሪካዎቹ ማሳይ አርብቶ አደሮች ጥናት አወጣ። ኑሯቸው ወተትና ሥጋ የሆነ ሰዎች በወቅቱ ግምት ደማቸው በኮሌስትሮል መሞላት ነበረበት። ጆርጅ ማን ያገኘው ተቃራኒውን ነበር፤ የደም ኮሌስትሮላቸው ዝቅተኛ፣ የልብ ሕመማቸውም ጥቂት። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ ማንና የሥራ ባልደረባው ስፖሪ ወደ ማሳዮች ተመለሱ። የዚህኛው ጥናት ጥያቄ ሌላ ነበር፤ ስብን ከውሃ የሚያዋሕድ ኬሚካል በምግብ ውስጥ ሲገባ ኮሌስትሮልን ከፍ ያደርግ እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ። 24 ወንዶችን ለሁለት ከፍለው ለሁሉም በላክቶባሲለስ የኮመጠጠ ወተት እንደልባቸው ሰጡ፤ ለአንዱ ወገን ኬሚካሉን ጨመሩበት። ሰዎቹ ጠጥተው ጠጥተው ወፈሩ። ክብደት ሲጨምር ኮሌስትሮልም ይጨምራል ተብሎ ሲጠበቅ፣ እነዚያው ክብደት የጨመሩት ሰዎች ኮሌስትሮላቸው ወረደ። ኬሚካሉን ፍለጋ የሄደው ጥናት ወተቱን ይዞ ተመለሰ።

የማሳይ ወተት በታጠነ ቅል ውስጥ በራሱ ጊዜ የሚረጋ ነው፤ በአሠራሩ ከእኛው እርጎ አይርቅም። ሆኖም የ1974ቱ ጥናት የተወው ጥያቄ ከመለሰው ይበልጣል። ኮሌስትሮሉን ያወረደው ወተቱ ነው ወይስ ባክቴሪያው? ባክቴሪያው ከሆነስ የትኛው፣ በምን መንገድ? ከዚያ ወዲህ ያለው የ50 ዓመት ታሪክ ይህን ጥያቄ በየጊዜው በጠበበ ወንፊት የማጥራት ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው ወንፊት በ1985 በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተዘረጋ። ጊሊላንድና ጓደኞቹ ከአሳማ አንጀት የተገኙ የላክቶባሲለስ አሲዶፊለስ ዝርያዎችን በላቦራቶሪ አሳደጉ። ማሳደጊያው ኤምአርኤስ የሚባለው፣ ደ ማን፣ ሮጎሳና ሻርፕ በ1960 የቀመሩት የላክቶባሲለስ መኖ ነው። በዚያ ላይ የከብት ሐሞትና ኮሌስትሮል ጨመሩ፤ አየሩንም ከለከሉ። ባክቴሪያው ሲያድግ ከፈሳሹ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ቀነሰ። ሐሞት ሳይኖር ግን አልቀነሰም። ከዚያ ወደ ሕያው አሳማዎች ሄዱ። ኮሌስትሮል የበዛበት መኖ ለሚበሉት አሳማዎች አርፒ32 የተባለውን ዝርያ ሲሰጡ የደም ኮሌስትሮላቸው እንዳይንር ከለከለ። ፒ47 የተባለው ዘመዱ ግን ይህን አላደረገም። ከአንድ ቦታ የወጡ፣ አንድ ስም ያላቸው ባክቴሪያዎች ሥራቸው አንድ እንዳልሆነ ተረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ «እርጎ ኮሌስትሮል ይቀንሳል» ብሎ በደፈናው መናገር ሳይንስ መሆኑ ቀረ፤ የትኛው ዝርያ ተብሎ መጠየቅ ግድ ሆነ።

በዚያው በ1980ዎቹ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሌላ ሥራ ይካሄድ ነበር። ብርሃኑ ጋሼ በ1985 በጤፍ ሊጥ መቡካት ውስጥ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችን ድርሻ አሳተሙ። በ1987 ደግሞ የቆጮን ጉድጓድ ገለጡት። ሥራውን የሚጀምሩት ሉኮኖስቶክ ሜሰንቴሮይደስ እና በወቅቱ ስትሬፕቶኮከስ ፌካሊስ ይባል የነበረው ናቸው። እነዚህ የሊጡን ፒኤች (ሲያንስ ኮምጣጣነት መጨመሩን የሚያሳየውን መለኪያ) ከ6.5 ወደ 5.6 ያወርዱታል። ከዚያ ራሳቸው ያመጡትን አሲድ የማይችሉት ይዳከሙና ላክቶባሲለስ ኮሪኒፎርሚስና ላክቶባሲለስ ፕላንታረም ቦታውን ይረከባሉ፤ እስከ 4.2 ያደርሱታል። ጉድጓዱ ራሱ እየመረጠ ነበር ማለት ነው፤ ደካማውን እየጣለ አሲድ የሚችለውን ያስቀራል። በምዕራቡ ዓለም ፕሮባዮቲክ (ጤና የሚሰጥ ሕያው ባክቴሪያ) ፈላጊዎች የሚያስቀድሙት ፈተና ይኸው ነው፤ በጨጓራ አሲድ ውስጥ ያለፈ አንጀት ይደርሳልና።

ከላቦራቶሪዎቹ የሚወጣው ውጤት እየበዛ ሲሄድ ጥርጣሬም መጣ። በ1989 ዳሽኬቪችና ፋይነር ሐሞትን የሚፈቱ ላክቶባሲለሶችን በዓይን ለመለየት የሚያስችል ማሳደጊያ አወጡ፤ የሐሞት ጨው የተጨመረበት ሳህን ላይ ባክቴሪያው በተዘራበት ዙሪያ ነጭ ዝቃጭ ይታያል። በ1993 ክላቨርና ፋን ደር ሜር የተባሉ ሆላንዳውያን የጊሊላንድን ሙከራ እንደገና መርምረው ጉዳዩን አስቸጋሪ አደረጉት። ባክቴሪያው አሲድ ሲያመርት ፒኤቹ ከ6 በታች ይወርዳል፤ የተፈታው የሐሞት ጨው አሲድ ውስጥ ይረጋል፤ ሲረጋ ኮሌስትሮሉን ይዞት ይዘቅጣል። ስለዚህ ከፈሳሹ የጠፋው ኮሌስትሮል በባክቴሪያው ተበልቶ ሳይሆን ወደ ታች ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። አሲዱ እንዳይጠነክር ሲከላከሉት የጠፋው ኮሌስትሮል ተመልሶ ታየ። ከዚያ በኋላ ጥንቁቅ ተመራማሪ ፒኤቹን 6 ላይ ጠብቆ፣ የሞቱ ባክቴሪያዎችን ለማነጻጸሪያ አስቀምጦ፣ ዝቃጩንም አጥቦ ይለካል። መለኪያው ራሱ ቀላል ነው፤ ሩዴልና ሞሪስ በ1973 ያወጡት፣ ኮሌስትሮል ሲኖር ቀለም የሚሰጥ ኬሚካል ነው። ችግሩ የሚለካውን ማወቅ ላይ ነበር።

የሐሞት ጨው መፈታት ግን ራሱ መንገድ ሆነ። ጉበት ሐሞት የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው። ወደ አንጀት የወጣውን ሐሞት ሰውነት መልሶ ይመጠዋል፤ ከ100 እጅ 95 ያህሉ ተመልሶ ወደ ጉበት ይሄዳል። ባክቴሪያ የሐሞት ጨውን ከተሸከመው አሚኖ አሲድ ሲለየው መልሶ መመጠጡ ይቀንሳል፤ በሰገራ የሚወጣው ይበዛል። ጉበት የጎደለውን ለመተካት ከደም ኮሌስትሮል ይወስዳል። የደሙ ኮሌስትሮል በዚህ ይቀንሳል። ባክቴሪያው ኮሌስትሮሉን በቀጥታ ባይበላም ጉበቱ እንዲበላው ሊያደርግ ይችላል።

የእኛዎቹ ተመራማሪዎች በዚህ ዘመን የተያያዙት ሌላ አጣዳፊ ጥያቄ ነበር፦ በእርጎና በሌሎች ባህላዊ ምግቦቻችን ውስጥ ማን ይኖራል? ከወተት ጋር የሚገቡትንስ በሽታ አምጪዎች ማን ያስቆማቸዋል? ሞገሴ አሸናፊ በ1994 እርጎ ሲረጋ ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ ምን እንደሚሆን ተከታትለው አሳተሙ፤ በዚያው ዓመት የእንጀራ እርሾን ነዋሪዎች ቆጠሩ። በ2001 አልማዝ ጎንፋ ከእንግሊዛዊው ሃዋርድ ፎስተርና በጀርመን ካርልስሩኸ ይሠሩ ከነበሩት ቪልሄልም ሆልትስአፕፌል ጋር ሆነው የኢትዮጵያን የኮመጠጡ የወተት ውጤቶች በመስክ ቃኙ። እኚሁ ሆልትስአፕፌል ከኬንያ ባልደረቦች ጋር ሆነው ከማሳይ ወተት የተለዩ ላክቶባሲለሶችን ለፕሮባዮቲክነት የፈተኑበት ጥናት በ2008 ወጣ። ጆርጅ ማን በ1974 ባነሳው ወተት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በመጨረሻ በስማቸው ተጠርተው ተመረመሩ። ከበደ አበጋዝ ደግሞ በ2002 ቦርዴ የተባለውን ባህላዊ መጠጥ አሠራር መዝግበው አሳተሙ። በ2006 ሞገሴ ስለ ኢትዮጵያ ባህላዊ የኮመጠጡ ምግቦችና መጠጦች ማይክሮባዮሎጂ የተጻፈውን አሰባስበው ሲያቀርቡ፣ የትኛው ባክቴሪያ የት እንደሚኖር የሚያሳይ ካርታ በእጃችን ነበረ።

በውጭው ዓለም በመሃሉ አንድ ትምህርት የሚሆን ነገር ሆነ። ዴንማርክ ውስጥ ኢንተሮኮከስ ፌሲየም ባለበት ባክቴሪያ የረጋ ወተት ለገበያ ቀረበ። በ1995 የታተመ የ6 ሳምንት ጥናት 58 ሰዎች ላይ ጎጂ የሚባለው ኮሌስትሮል 10 በመቶ ያህል መውረዱን ዘገበ። በዓመቱ የወጣው የ6 ወር ጥናት ግን መጨረሻው ላይ ባክቴሪያውን በጠጡትና ባልጠጡት መካከል ልዩነት አላገኘም። አጭር ሙከራ ያየውን ረጅም ሙከራ ሊያፈርሰው እንደሚችል ያን ጊዜ ታወቀ። በ2001 የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት ያሰባሰቧቸው ባለሙያዎች አርጀንቲና ኮርዶባ ላይ ተቀምጠው ፕሮባዮቲክን ተረጎሙት፦ ሕይወት ያላቸው ተሕዋስያን፣ በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለወሰዳቸው ጤና የሚሰጡ። በ2002 የመፈተኛ መመሪያ ተከተለ፤ ዝርያውን ለይ፣ አሲድና ሐሞት መቻሉን አረጋግጥ፣ ለአንቲባዮቲክ ያለውን ጠባይ እወቅ፣ መጨረሻ ላይ ሰው ላይ ፈትን።

ያ ትርጉም ወደ ሺንሺቾ ሲመጣ የሚቆርጠው ነገር አለ። ቆጮ ምጣድ ላይ ይጋገራል፤ የጉድጓዱን አሲድ የቻለው ላክቶባሲለስ የምጣዱን እሳት አይችልም። ስለዚህ ዋሳ (የተጋገረ ቆጮ) ሲበላ ከጉድጓዱ ባክቴሪያ ሕያው ሆኖ አንጀት የሚደርስ የለም። ጉድጓዱ የፕሮባዮቲክ ምንጭ ሊሆን ይችላል፤ ገበታው ላይ የሚቀርበው ቆጮ ግን ፕሮባዮቲክ አይደለም። ሳይፈላ የሚጠጣው እርጎ ሕያው ባክቴሪያ ይዞ ይደርሳል፤ እሱም ግን ጥሬ ወተት የሚያስተላልፋቸውን እንደ ብሩሴላ ያሉ በሽታ አምጪዎች ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከእርጎው ዝርያውን መለየትና በንጹሕ ወተት ላይ መዝራት የሚፈለገው ለዚህ ነው።

በ2012 በካናዳ ሞንትሪያል የተሠራ ዝርያ ወንፊቱን አልፎ ወጣ። ላክቶባሲለስ ሮይተሪ ኤንሲአይኤምቢ 30242 የተመረጠው ሐሞት በመፍታት ኃይሉ ነው። 127 ሰዎች ለ9 ሳምንት በካፕሱል ወሰዱት ወይም ባዶ ካፕሱል ዋጡ፤ ጎጂው ኮሌስትሮል ባዶውን ከዋጡት አንጻር 11.64 በመቶ ወረደ። ይህ ከሐኪም የሚታዘዘውን መድኃኒት አይተካም፤ እንደ ስታቲን ያሉት መድኃኒቶች ከዚህ በጣም ይበልጣሉ። ሆኖም ከላቦራቶሪ ሳህን እስከ ሰው ደም ያለው መንገድ የሚያስኬድ መሆኑን አሳየ።

ለኢትዮጵያ ጉዳዩ የሩቅ አልነበረም። በ2015 የተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች የሥጋት መንስኤዎች ብሔራዊ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ሰዎች 5.2 በመቶዎቹ ከፍ ያለ ጠቅላላ ኮሌስትሮል እንዳላቸው፣ 68.7 በመቶዎቹ ደግሞ ጠቃሚው ኮሌስትሮል እንደሚያንሳቸው አሳየ። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ይልቅ ያስደነግጣል።

በ2019 ጉዕሽ ሙላው፣ ተስፋዬ ሲሳይ፣ ድሪባ ሙለታና አንተነህ ተስፋዬ ያሳተሙት ጥናት የብርሃኑ ጋሼንና የኮርዶባን መንገዶች አንድ አደረጋቸው። ከጤፍ ሊጥ፣ ከእርጎና ከቆጮ 90 የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችን ለዩ። ከ2 እስከ 3 በሆነ ፒኤች ውስጥ አቆዩአቸው። ከ90ው 4 ብቻ ቀሩ። አራቱን 0.3 በመቶ የሐሞት ጨው ውስጥ 24 ሰዓት ቢያቆዩአቸው ከ91 በመቶ በላይ ተረፉ። በሽታ አምጪዎችን መግታታቸውና ለአንቲባዮቲኮች ያላቸው ጠባይ ታየ፤ ብረት ላይ መጣበቃቸውም ተለካ። ማንነታቸው በዘረመል ሲነበብ ሁለቱ ላክቶባሲለስ ፕላንታረም፣ ሁለቱ ላክቶባሲለስ ፓራካሴይ ሆኑ። ፕላንታረም ብርሃኑ ጋሼ በ1987 በቆጮ ጉድጓድ መጨረሻ ላይ ሲገዛ ያገኙት ነው። የአሲዱንና የሐሞቱን ወንፊት ያለፈ የኮሌስትሮሉን ያልፋል ማለት አይደለም። የጊሊላንድ ሁለት ዝርያዎች ያስተማሩት ይህንን ነው። ቀጣዮቹ ወንፊቶች የተጻፉ ናቸው፤ በሐሞት ጨው ሳህን ላይ ዝቃጭ ማየት፣ ፒኤች 6 ላይ ኮሌስትሮል መለካት፣ ከዚያ አይጥ፣ ከዚያ ሰው።

በ2020 የባክቴሪያ አዋቂዎች ላክቶባሲለስ የሚባለውን ትልቅ ወገን በ25 ከፈሉት፤ 23ቱ አዲስ ነበሩ። ፕላንታረም ላክቲፕላንቲባሲለስ ፕላንታረም፣ ፓራካሴይ ላክቲካሴይባሲለስ ፓራካሴይ ተባሉ። በ2023 ደግሞ ከምባታና ሐዲያ በአዲሱ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ገቡ፤ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ሆሳዕናም የክልሉ መቀመጫ ሆነች። ከሺንሺቾ ጉድጓድ የተወሰደ ናሙና ለመመርመር አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ግድ የማይሆንበት ጊዜ ቀርቧል።

ናሙናው ሲወሰድ ግን ሌላ ታሪክ አብሮ ይመጣል። በ2005 ኢትዮጵያ ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር በጤፍ ላይ የተዋዋለችው ውል ጥቅም ሳያስገኝ ቀረ። ኩባንያው በጤፍ ዱቄት ላይ የያዘው የፈጠራ መብት ዘ ሄግ ላይ በፍርድ ቤት እስኪሻር ድረስ ከ10 ዓመት በላይ ወሰደ። በ2006 ኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 482/1998ን (1998 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አወጣች። አዋጁ የዘረመል ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ፈቃድ እንዳይወሰድ ይከለክላል። መንግሥት ከሀብቱ ከሚያገኘው የገንዘብ ጥቅም ግማሹም ለባለቤቱ ማኅበረሰብ እንዲሆን ይደነግጋል። አንድ ቀን ከከምባታ ቆጮ የወጣ ላክቲፕላንቲባሲለስ የኮሌስትሮሉን ወንፊት አልፎ በካፕሱል ቢሸጥ፣ የመጀመሪያዎቹን ወንፊቶች የዘረጉት እንሰቱን የፋቁት፣ እርሾውን ያቆዩት፣ ድንጋዩን የጫኑት ሴቶች ናቸው። ስለዚህ በናሙናው ብልቃጥ ላይ ከፒኤቹና ከቀኑ ጎን ቀበሌው፣ የእርሾው አያያዝና የባለቤቶቹ ፈቃድ መጻፍ አለበት። አዋጁ ግማሹን ለማኅበረሰቡ ሰጥቷል፤ ማኅበረሰቡ ማን እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ብልቃጥ ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው።